ልጅዎ የአሜሪካ ወታደር ከሆነ፦ ስለ ዕፅ ብርበራና ስለ ጠቋሚ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአያትና ሰሚት እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ከለገጣፎ እስከ ሱሉልታ፣ በአዲስ አበባ ዳር ዳር ባሉ ሰፈሮች በዲቪ ወይም በቤተሰብ ሄደው የአሜሪካን ጦር የተቀላቀሉ ልጆች ያሏቸው ወላጆች ጥቂት አይደሉም። ነገር ሲበላሽ ወሬው የሚደርሳቸው በስልክ፣ ተቆራርጦ ነው፦ «ክፍሌን በረበሩት»፣ «ሽንት ስጥ አሉኝ»፣ «ሰው ጠቁሞብኝ ነው»። እዚህ የሰበሰብነው ወላጆችና እኅት ወንድሞች ደጋግመው የሚጠይቁትን ነው። አብዛኛው መልስ ልጁን ስለሚገዛው የአሜሪካ ወታደራዊ ሕግ ነው። ለዕረፍት ሲመጣ በእናንተ ቤት የሚሠራው ደግሞ የኢትዮጵያ ሕግ ስለሆነ እሱንም ለብቻው አስቀምጠነዋል።

አዛዡ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ የልጄን ክፍል ማስበርበር ይችላል?

ካምፕ ውስጥ ከሆነ ይችላል። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አራተኛ ማሻሻያ ወታደሩንም ከአግባብ ውጭ ከሆነ ብርበራ ይጠብቀዋል። ይሁን እንጂ በጦሩ ውስጥ ፈቃዱን የሚሰጠው የግድ ዳኛ አይደለም። የወታደራዊ ማስረጃ ደንብ ቁጥር 315 ቦታው ወይም ሰውየው በሥሩ የሆነ አዛዥ የመበርበር ፈቃድ እንዲሰጥ ያስችለዋል። ፈቃዱ በጽሑፍም በቃልም ሊሆን ይችላል።

ሥልጣኑ ግን ልጓም አለው። አዛዡ ገለልተኛ መሆን አለበት፤ ራሱ መርማሪ ሆኖ ነገሩን ሲከታተል የከረመ አዛዥ ገለልተኛ ነው አይባልም። ፈቃድ የመስጠቱን ሥልጣን ለሳጅን ወይም ለተረኛ መኮንን አሳልፎ መስጠትም አይችልም። ከሁሉ በላይ ግን በቂ ምክንያት ሊኖረው ይገባል፤ ይኸውም የሚፈለገው ነገር በሚበረበረው ቦታ ወይም ሰው ላይ አሁን አለ ብሎ በምክንያት ማመን ነው። «ይሄ ልጅ ሁኔታው አያምረኝም» የሚል ጥርጣሬ እዚህ ደረጃ አይደርስም።

ልጁ ከካምፕ ውጭ አሜሪካ ውስጥ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ከሆነ የአዛዡ ፈቃድ እዚያ አይሠራም፤ የሲቪል ዳኛ ትዕዛዝ ያስፈልጋል።

ጠበቃው መጀመሪያ የሚያሳድዳቸው ነገሮች ሦስት ናቸው፦ ፈቃዱን ማን ሰጠ፣ በስንት ሰዓት ሰጠ፣ ፈቃዱን ሲሰጥ ምን ተነግሮት ነበር። ብርበራው ከተጀመረ በኋላ የተገኘ ነገር ለፈቃዱ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ልጁ በር የተንኳኳበትን ሰዓት፣ የገቡትን ሰዎች ማዕረግና የተናገሩትን በዚያው ቀን ለጠበቃው ብሎ ይጻፈው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰዓቱ ይምታታል።

«ጠቋሚ ነግሮናል» ማለት ብቻውን ለብርበራ ይበቃል?

ብዙ ጉዳይ የሚወድቀውም የሚቆመውም እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንመልሰው።

ጥቆማ ከሰው የተሰማ ወሬ ቢሆንም ለበቂ ምክንያት መሠረት ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ምን ዓይነት ጥቆማ ነው የሚለው ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1964 በአጊላር፣ በ1969 ደግሞ በስፒኔሊ ጉዳይ ሁለት መለኪያዎችን አስቀመጠ፦ ጠቋሚው ነገሩን እንዴት አወቀ? እሱን ለማመንስ ምን ምክንያት አለ? በ1983 በጌትስ ጉዳይ መለኪያው ላላ፤ አጠቃላይ ሁኔታው ይታይ፣ የአንዱ ጉድለት በሌላው ሊካካስ ይችላል ተባለ። የወታደሩ የይግባኝ ፍርድ ቤትም በዚያው ዓመት በቲፕተን ጉዳይ ይህንኑ ተቀበለ። ሁለቱ ጥያቄዎች ግን አልሞቱም። ዛሬም ጥሩ ተከላካይ ጠበቃ የሚጀምረው ከእነሱ ነው።

ሁለት ጥቆማዎችን ጎን ለጎን እንይ። አንደኛው፦ «እገሌ ዕፅ ይሸጣል፣ ሁሉም ያውቃል።» ሁለተኛው፦ «ትናንት ማታ ክፍሉ ነበርኩ፤ ከቁም ሣጥኑ የታችኛው መሳቢያ፣ ከጥቁር ካልሲ ውስጥ አውጥቶ በትንንሽ ፌስታል ሲመዝን አየሁት።» የመጀመሪያው ማን እንዳየ፣ መቼ፣ የት እንደሆነ አይናገርም፤ በሱ ብቻ የተሰጠ ፈቃድ ለመከላከያ ሰፊ በር ይከፍታል። ሁለተኛው ዓይን ምስክር ነው፣ ቦታውን ይለያል፣ ጊዜው ትኩስ ነው። እሱም ቢሆን የጠቋሚው ታማኝነት ይመረመራል፦ ቀድሞ የሰጠው መረጃ እውነት ሆኖ ተገኝቶ ያውቃል? ራሱ ተይዞ ቅጣት እንዲቀልለት ነው የሚናገረው? ከልጁ ጋር በገንዘብ ወይም በሴት ተጣልቷል?

ጊዜም ወሳኝ ነው። ለግል ፍጆታ የሚሆን ትንሽ ሀሺሽ ከሁለት ወር በፊት ታይቷል ማለት ዛሬ እዚያው አለ ማለት አይደለም። እንዲህ ያለ ጥቆማ ሻግቷል ይባላል። የማያቋርጥ ሽያጭ ከሆነ ግን የቆየ መረጃም ክብደት ሊኖረው ይችላል።

ስም የሌለው ጥቆማ በሌላ ነገር መደገፍ አለበት። በጌትስ ጉዳይ ለኢሊኖይ ፖሊስ የደረሰው ደብዳቤ ስም አልነበረውም፤ ነገር ግን ባልና ሚስቱ ወደ ፍሎሪዳ ስለሚያደርጉት ጉዞ የተነበየው ነገር በፖሊስ ክትትል በአብዛኛው ተረጋገጠ። በተቃራኒው በ2000 በጄ ኤል ጉዳይ አንድ ሰው ስሙን ሳይናገር «አውቶቡስ ፌርማታ ላይ የቆመው ወጣት ሽጉጥ ይዟል» ብሎ ደወለ፤ ፖሊስ ሄዶ ያገኘው የተባለውን ልብስ የለበሰ ወጣት ብቻ ነበር። ልብሱ መመሳሰሉ በቂ አይደለም ተብሎ ፍተሻው ሕገ ወጥ ሆነ። ወጣቱ ምን እንደለበሰና የት እንደቆመ ማንም አላፊ አግዳሚ ያውቃል፤ መረጋገጥ ያለበት የተደበቀው ነገር ነው።

ጠቋሚው ማን እንደሆነ ማወቅ እንችላለን?

አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። ደንብ 507 መንግሥት የጠቋሚውን ማንነት እንዲደብቅ መብት ይሰጠዋል። ጠቋሚው የዐቃቤ ሕግ ምስክር ሆኖ ከቀረበ፣ ማንነቱ በሕጋዊ መንገድ ቀድሞ ከታወቀ ወይም ቃሉ ልጁ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን ለመወሰን የግድ ከሆነ መብቱ ይነሳል። ለምሳሌ ዕፁን የገዛው ጠቋሚው ራሱ ከሆነና ከሱ በቀር ሌላ ያየ ከሌለ፣ በ1957 በሮቪያሮ ጉዳይ እንደተባለው ዳኛው ሚዛኑን ወደ ተከሳሹ ሊያደላ ይችላል። ጠቋሚው የብርበራ ፈቃድ እንዲገኝ ፍንጭ ብቻ ሰጥቶ ከሆነ ግን ስሙ አይወጣም ማለት ይቀላል።

እዚህ ላይ ቤተሰብን አጥብቀን እንለምናለን። ክፍለ ጦሩ ውስጥ ሌላ ሐበሻ ካለ ጥርጣሬው ወዲያው እሱ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ የሱ እናት ቤት ይደወላል፣ ሽማግሌ ይላካል፣ በቴሌግራም ስሙ ይነሳል። ይህን አታድርጉ። ምስክርን ማስፈራራት ወይም ቃሉን እንዲቀይር መገፋፋት በወታደራዊው ሕግ በአንቀጽ 131ለ ፍትሕን ማደናቀፍ ሆኖ ሊያስከስስ ይችላል። ልጁ ዘመዶቹን እንዳሰማራ ከተቆጠረ ቀላል የነበረው ክስ ላይ ሁለተኛ ክስ ይደረባል። የጠረጠሩት ሰው ካለ ስሙን ለጠበቃው ብቻ ይንገሩ።

ጠቋሚው ወይም መርማሪው ዋሽቶ ከሆነስ?

ለአዛዡ የቀረበው መረጃ ውስጥ መርማሪው እያወቀ ወይም በግዴለሽነት ሐሰት አስገብቷል የሚል ካለ ተከላካዩ ይህን ሊያሳይ ይችላል፤ መነሻው በ1978 የተወሰነው የፍራንክስ ጉዳይ ነው። ሐሰቱ ተቆርጦ ይወጣና የቀረው ብቻውን በቂ ምክንያት መሆኑ ይታያል። ካልበቃ ማስረጃው ይወድቃል። ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር፦ የሚመረመረው የመርማሪው ቅንነት ነው። ጠቋሚው መርማሪውን አታሎት፣ መርማሪው ግን አምኖ ያቀረበው ከሆነ ክርክሩ ይከብዳል።

ጠዋት ሰው ጠቆመ፤ ከሰዓት «መደበኛ ፍተሻ ነው» ብለው የሁሉንም ክፍል ፈተሹ። ይህ ትክክል ነው?

አዛዥ የክፍሉን ዝግጁነት፣ ጤናና ሥርዓት ለማረጋገጥ ያለ ምንም ጥርጣሬ ፍተሻ ማድረግ ይችላል፤ አነፍናፊ ውሻ ይዞም ጭምር። ይህ በደንብ 313 የሚመራ ነው። በቂ ምክንያት አይጠየቅበትም፤ ስለዚህም ለብርበራ ያልበቃ ጥቆማ በፍተሻ ስም ሊሸፈን ይችላል።

ደንቡ ራሱ ይህን አስቀድሞ አይቶታል። ፍተሻው ቀደም ብሎ ሳይያዝ ወንጀል እንደተፈጸመ ሪፖርት በደረሰ ማግሥት ከታዘዘ፣ ወይም የተወሰኑ ሰዎች ተመርጠው ከተፈተሹ፣ ወይም አንዱ ከሌላው በጣም በተለየ ሁኔታ ከተፈተሸ፣ ዐቃቤ ሕግ ይህ በእርግጥ ፍተሻ እንጂ የተሸፈነ ብርበራ እንዳልነበረ በግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ማሳየት ይጠበቅበታል። ይህ ከተለመደው የበለጠ ከባድ ሸክም ነው። ስለዚህ ልጁ ማስታወስ ያለበት፦ የፍተሻው ፕሮግራም ቀድሞ ተለጥፎ ነበር ወይ? የሱ ክፍል ላይ ስንት ደቂቃ ቆዩ፣ የጎረቤቱ ላይስ? የሱን ፍራሽ ገልብጠው የሌላውን አልጋ በዓይን ብቻ አይተው አልፈው ከሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አብረው የተፈተሹት ልጆች ስም ይያዝ።

«ፈቃደኛ ነኝ ብለህ ፈርም» ሲሉት ፈረመ። አለቀለት?

አላለቀም፤ ግን ትልቅ በር ዘግቷል። በፈቃድ የተደረገ ብርበራ በቂ ምክንያትም የአዛዥ ትዕዛዝም አይፈልግም። ፈቃዱ በነፃነት የተሰጠ መሆኑን በግልጽና አሳማኝ ማስረጃ የሚያስረዳው መንግሥት ነው፤ ማዕረግ ፈርቶ ዝም ብሎ መቆም ፈቃድ አይባልም። የኛ ልጆች ትልቅ ሰው አክብረው ያደጉ ናቸው፤ ሳጅኑ «ምንም ከሌለህ ምን ያስፈራሃል?» ሲለው አንገቱን ደፍቶ ይፈርማል። በትሕትና «ፈቃድ አልሰጥም» ማለት መብት ነው፤ ድፍረት አይደለም። ፈቃድ የሰጠም ሰው በመሃል ማንሳት ይችላል።

የአዛዥ ፈቃድ ወይም የዳኛ ትዕዛዝ ይዘው መጥተው ከሆነ ግን በአካል መከልከል ሌላ ወንጀል ነው። አይታገል፤ አልስማማም ብሎ ይቁም።

ሲጠይቁት ምን ይበል?

«ጠበቃ እፈልጋለሁ፤ ከዚያ በፊት አልናገርም።» ከዚህ አይጨምር።

የወታደራዊው ሕግ አንቀጽ 31 የተጠረጠረን ወታደር የሚጠይቅ ኃላፊ የተጠረጠረበትን ነገር፣ ዝም የማለት መብቱንና የሚናገረው እንደሚያዝበት እንዲነግረው ያስገድዳል፤ ልጁ እስር ላይ ባይሆንም እንኳ። ጠበቃው የጦሩ ተከላካይ ጠበቃ ነው፤ ለወታደሩ በነፃ ይቆማል፣ በአዛዡም አይታዘዝም። ቤተሰብ እዚህ መኪና ሸጦ የግል ጠበቃ ለመቅጠር ከመሯሯጡ በፊት ልጁ መጀመሪያ እሱን ያግኝ።

የሽንት ምርመራው ላይ ምን ምን ሊሳሳት ይችላል?

መጀመሪያ መለየት ያለበት ሽንቱ በምን መንገድ ተወሰደ የሚለው ነው። በዕጣ ወይም በጅምላ ፍተሻ፣ በበቂ ምክንያት በተሰጠ ፈቃድ ወይም በራሱ ፈቃደኝነት ከተወሰደ ውጤቱ ለክስ ይውላል። አዛዡ በጥርጣሬ ብቻ፣ ለሥራ ብቁ መሆኑን ለማወቅ ብሎ ካዘዘው ግን ውጤቱ ለጦር ፍርድ ቤትም ለአዛዥ ቅጣትም (አዛዡ ራሱ ያለ ፍርድ ቤት ለሚሰጠው ቅጣት) አይውልም። ወረቀቱ ላይ የትኛው እንደተመለከተ ማየት ቀዳሚው ሥራ ነው።

ናሙናው የሚሰጠው ተመሳሳይ ፆታ ያለው ተመልካች ፊት ለፊት ነው። ልጁ ጠርሙሱ ላይ ያለው መለያ ቁጥር የራሱ መሆኑን አይቶ ይፈርምበታል፤ ከዚያ ጠርሙሱ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ እያንዳንዱ ተቀባይ ይፈርማል። ስህተት የሚገኘው ብዙውን ጊዜ እዚህ ሰንሰለት ላይ ነው፦ የጎደለ ፊርማ፣ የተሰረዘ ቁጥር፣ ጠርሙሱ ሳይታሸግ ጠረጴዛ ላይ የቆየበት ጊዜ፣ ተመልካቹ ዞር ያለበት ደቂቃ። የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ ላቦራቶሪ ለሀሺሽ በመጀመሪያ ምርመራ 50፣ በማረጋገጫው 15 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ይጠቀማል፤ ለኮኬይን 150 እና 100። ከዚያ በታች ያለው አሉታዊ ተብሎ ይመዘገባል። ሳያውቁ የወሰዱት ነገር አጥፊ አያደርግም፤ ዳኞች ግን ማስረጃ የሌለውን «ሰው አብልቶኝ ነው» በቀላሉ አይቀበሉም።

ሄምፕ ከሚባለው የሀሺሽ ተክል ዓይነት የሚሠራ ዘይት፣ ከረሜላና ቅባት ሲቪሉ በየሱቁ ቢገዛውም እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ለወታደር ተከልክሏል።

ለዕረፍት ሲመጣ ከጓደኞቹ ጋር ጫት ቢቅም ምን ችግር አለው? እዚህ አልተከለከለም።

ችግር አለው፤ ቤተሰብ ከሁሉ በላይ የሚዘናጋበትም ይህ ነው። ጫት በኢትዮጵያ ሕግ የተከለከለ አይደለም። የአሜሪካ ሕግ ግን በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ካቲኖንን ከሄሮይን ጋር ቁጥጥሩ ከሁሉ በሚጠብቀው በአንደኛው መደብ፣ ካቲንን ደግሞ በአራተኛው መደብ ያስቀምጣቸዋል። የወታደራዊው ሕግ አንቀጽ 112ሀ በእነዚህ መደቦች ውስጥ ያለን ነገር ሁሉ መጠቀምን፣ መያዝንና ማከፋፈልን ይከለክላል። ሕጉ ደግሞ ወታደሩን በዕረፍት ላይ ሳለም፣ በየትኛውም አገር ይከተለዋል። የሚቅመው ጫት መሆኑን እያወቀ «በአሜሪካ መከልከሉን አላውቅም ነበር» ማለት መከላከያ አይሆንም።

የበለጬም ይሁን የወንዶ፣ ለሠርግ ቤት ይሁን ለበርጫ ልዩነት የለውም። ፎቶና ቪዲዮም አለ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተሰብስበው ሲቅሙ የተነሳ ቲክቶክ፣ ስሙ ተጠቅሶበት፣ ካምፕ ውስጥ ላለ የተቀየመ ጓደኛ የተዘጋጀ ጥቆማ ነው። ልጁን «ለዛሬ እንኳ» ብላችሁ አትጎትጉቱት።

ደርቆ ቢላክለትስ? በሽሮና በበርበሬ መሃል አድርገን?

በፍጹም አትላኩ። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖኑ ይቀንሳል፤ ካቲኑ ግን ይቀራል፣ እሱም የተከለከለ ነው። ከውጭ አገር የሚገባን ፖስታ የጉምሩክ ሠራተኞች በድንበር ላይ ያለ ዳኛ ትዕዛዝ መክፈት እንደሚችሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1977 በራምዚ ጉዳይ ወስኗል፤ የአዛዥ ፈቃድም ጠቋሚም አያስፈልጋቸውም። ጥቅሉ ላይ የተጻፈው የልጁ ስምና አድራሻ ነው። በርበሬ ውስጥ ተደብቆ መገኘቱ ደግሞ ሆን ተብሎ መደረጉን ያሳያል። ለሌላ ሰው እንዲያደርስ ከላካችሁለት ነገሩ ማከፋፈል ሆኖ ሊቆጠር ይችላል፤ የማከፋፈል ጣሪያው 15 ዓመት እስር ነው።

እዚህ ክሊኒክ የተሰጠው መድኃኒትስ?

ትራማዶልና ዳያዜፓም ሁለቱም በአሜሪካ በአራተኛው መደብ ናቸው። ወገቡን አሞት ሰፈር ክሊኒክ ሄዶ ትራማዶል ከተሰጠው ጥፋት የለበትም፤ የሐኪም ማዘዣው ግን በእጁ መኖር አለበት። በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ሙሉ ስሙ፣ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ ቀኑ፣ የሐኪሙ ፊርማና ማኅተም ያለበት ይሁን። እንክብሉ ከነማሸጊያው ይቀመጥ። ተመልሶ እንደገባ ለክፍሉ ሕክምና ያስመዝግበው። የአክስት ወይም የጎረቤት ትርፍ ክኒን መዋጥ ግን በሌላ ሰው ማዘዣ መጠቀም ነው።

ለዕረፍት መጥቶ እኛ ቤት ሳለ ፖሊስ ለብርበራ ቢመጣስ?

እዚህ የሚሠራው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 እና የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 32 እና 33 ነው። ቤት ለመበርበር የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ያስፈልጋል። ትዕዛዝ የማያስፈልገው ፖሊስ አጥፊውን እግር በእግር እያሳደደ ወደ ቤቱ ከገባ፤ ወይም ከ3 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ክስ ወይም አቤቱታ ቀርቦ ማስረጃው በዚያ ቦታ ተደብቋል የሚል ጥቆማ ደርሶ፣ ትዕዛዝ እስኪመጣ ማስረጃው ሊሸሽ ይችላል ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ካለ ነው። አደንዛዥ ዕፅ ማምረትና መሸጥ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 ከ3 ዓመት በላይ ስለሚያስቀጣ በጥቆማ ያለ ትዕዛዝ መግባት የሚሞከረው በዚህ በኩል ነው።

ትዕዛዝ ካለ አንብቡት፦ የማን ቤት፣ ምን ለመፈለግ። የሚፈለገው ነገር መዘርዘር አለበት፤ ከተዘረዘረው ውጭ መያዝ ሕጉ አይፈቅድም። ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካላዘዘ በስተቀር ብርበራ የሚደረገው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ ነው። የተያዘን ሰው አካል የሚፈትሸው ተመሳሳይ ፆታ ያለው ፖሊስ ነው። ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩ ወይም ሰበታ ከሆናችሁ የኦሮሚያ ፖሊስና ፍርድ ቤት ስለሆኑ ትዕዛዙ በአፋን ኦሮሞ ሊሆን ይችላል፤ ካልገባችሁ የሚያነብላችሁ ጎረቤት ጥሩ።

ከሁሉ ይልቅ የማትዘነጉት የተያዘው ዕቃ ዝርዝር ነው። ሕጉ ፖሊሱ ዝርዝር እንዲያዘጋጅና በተቻለ መጠን ገለልተኛ ሰው አረጋግጦ እንዲፈርምበት ያዛል። «አንድ ፌስታል አረንጓዴ ቅጠል» የሚል ዝርዝር በኋላ ብዙ ያከራክራል፤ ክብደቱ፣ ብዛቱ፣ የተገኘበት ክፍልና ቦታ እንዲጻፍ ጠይቁ። ዝርዝሩ ስህተት ከሆነ ተቃውሞአችሁ እንዲመዘገብ በሉ። የተያዘ ሰው ለመንገድ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ዝም የማለት መብትም አለው።

ይህ ብርበራ ወደ አሜሪካም ይሻገራል። የውጭ አገር ፖሊስ ያገኘው ማስረጃ በጦር ፍርድ ቤት የሚወድቀው ተከሳሹ ላይ ከባድ የጭካኔ አያያዝ ተፈጽሞ ከሆነ ነው። ስለዚህ ትዕዛዝ አለመኖሩ እዚህ ቢያከራክርም እዚያ ላያድነው ይችላል።

«ለኛ ጠቋሚ ሁንና እንተውሃለን» አሉት። ይቀበል?

ጠበቃ ሳያማክር አይቀበል። በዕፅ ጉዳይ ያለመከሰስ ከለላ መስጠት የሚችለው ከፍተኛውን የጦር ፍርድ ቤት የመሰብሰብ ሥልጣን ያለው አዛዥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጄኔራል፣ ወይም እሱ በጽሑፍ የወከለው የበታች አዛዥ ነው። መርማሪው «እናገርልሃለሁ» ቢልም ቃሉ ከለላ አይደለም። ስምምነቱ በጽሑፍ፣ ጠበቃ ባለበት ይሁን። በሌላ በኩል ልጁ የመሸጥ ሐሳቡም ዝንባሌውም ሳይኖረው ጠቋሚ ደጋግሞ ወትውቶ ካሳሳተው ይህ ራሱን የቻለ መከላከያ ነው፤ የመልእክቶቹ ልውውጥ አይጥፋ።

ብርበራው ሕገ ወጥ ከሆነ ነገሩ በዚያው ያበቃል?

ሁልጊዜ አይደለም። ማስረጃው ውድቅ እንዲሆን አቤቱታው መቅረብ ያለበት ተከሳሹ የእምነት ክህደት ቃሉን ከመስጠቱ በፊት ነው፤ ካለፈ መብቱ እንደተተወ ይቆጠራል። ፈቃዱ ጉድለት ቢኖረውም ፈጻሚዎቹ በቅንነት አምነውበት ከሆነ ማስረጃው ሊተርፍ ይችላል።

ሌላው ወጥመድ የአዛዥ ቅጣት፣ ማለትም አንቀጽ 15 ነው። እዚያ የማስረጃ ደንቦቹ፣ ሚስጥር ከሚጠብቁት በስተቀር፣ አይሠሩም፤ በፍርድ ቤት ይወድቅ የነበረ ማስረጃ እዚያ ይሠራበታል። ወታደሩ መርከብ ላይ ካልተመደበ በስተቀር አንቀጽ 15ን እምቢ ብሎ የጦር ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል። ብርበራው ደካማ ከሆነ ይህ ምርጫ ብዙ ይመዝናል፤ በፍርድ ቤት ከተሸነፈ ግን ቅጣቱ ይከብዳል። ውሳኔው የልጁና የጠበቃው ነው፤ ከዚህ በስልክ «ተቀበልና ይለቁሃል» ብላችሁ አትገፋፉት።

ግሪን ካርዱና ዜግነቱስ?

በዕፅ የተፈረደበት ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከአገር ሊባረር ይችላል፤ ከዚህ የሚቀረው ለራሱ ፍጆታ 30 ግራም ወይም ከዚያ ያነሰ ሀሺሽ ይዞ የተገኘበት አንድ ጥፋት ብቻ ነው። በውትድርና ዜግነት አግኝቶ 5 ዓመት በክብር ሳያገለግል ከክብር ውጭ ከተሰናበተ ዜግነቱ ሊነጠቅ ይችላል። ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ከመደራደሩ በፊት የኢሚግሬሽን ሕግ የሚያውቅ ሰው ይጠየቅ።

እኛ ከዚህ ሆነን ምን እናድርግ?

ስለ ጉዳዩ በስልክ አታስተርኩት። የሚስጥር ጥበቃ ያለው ከጠበቃው፣ ከሚስቱ ጋር በምስጢር ካወራው፣ እና ለንስሐ አባቱ ወይም ለሃይማኖት አባት ለኅሊናው ሲል ከተናገረው ነው። እናትና አባት እዚህ ውስጥ የሉም፤ ለምስክርነት ሊጠሩ ይችላሉ።

የምትችሉት ወረቀት ማዘጋጀት ነው። ስለ ልጁ ጠባይ የምትጽፉት ደብዳቤ ቅጣት ሲወሰን ይጠቅማል፤ የክሊኒክ ማዘዣና የጉዞ ትኬት ደግሞ በተረጋገጠ ትርጉም ይላክ። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። ሐምሌ 12 ቀን 2016 የተጻፈ ማዘዣ ለአሜሪካዊ ዳኛ የስምንት ዓመት አሮጌ ወረቀት ይመስላል፤ በነሱ ጁላይ 19 ቀን 2024 ነው። ሰዓትም እንደዚሁ፦ «ማታ 2 ሰዓት ቤት ነበር» የሚለው ምስክርነት ሲተረጎም በነሱ አቆጣጠር ከምሽቱ 8 ሰዓት (8 PM) ካልተባለ፣ ከሌሊቱ 2 ሰዓት (2 AM) ሆኖ ይነበብና ልጁን ከመርዳት ይልቅ ውሸታም ያስመስለዋል።